የወረቀት አባቴ ሰባት ቤት

ልጄ «ላገባ ነው» ስትለኝ መጀመሪያ የጠየቅኳት ልጁ ሥራ አለው ወይ ብዬ ነው። አለው፣ አይቲ ነው አለችኝ። እዚህ አገር የወለደ ሁሉ የወለደው አይቲ ነው። ሁለተኛ ጥያቄም ነበረኝ፤ የማን ልጅ ነው የሚለው። እሱን ግን ዋጥኩት። የማን ልጅ ነው ብዬ ከጀመርኩ፣ አንቺስ የማን ልጅ ነሽ የሚል ይመጣል። እኔ ደግሞ ከዚህ ጥያቄ ስሸሽ ሃያ ስምንት ዓመት የሞላኝ ሰው ነኝ።

ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ውስጥ የማንም ስም የለም። የኔም የለም፣ የልጄም የለም፣ የወንዱ ወገንም የለም። ፈሪ ናት የሚል ካለ አልዋሸም። ከመንግሥት የመጣ ፖስታ ሳጥኔ ውስጥ ሳገኝ ቤት ይዤው አልገባም፤ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ፣ ሞተር አስነስቼ ነው የምከፍተው። ወዴት ልነዳ እንደሆነ እኔም አላውቅም። አንዴ እንደዚያ የከፈትኩት፣ ፍርድ ቤት ቀርበሽ ከሌሎች ጋር ሰው ላይ እንድትፈርጂ ተመርጠሻል የሚል ሆኖ አገኘሁት። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መሃል እኔን።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ አሜሪካ የገባሁት በአባቴ ዲቪ ነው፤ አባቴ ደግሞ የሞተው ስድስት ዓመቴ ላይ ነው። ዲቪ የደረሳቸው ጎረቤታችን ናቸው፤ ግድግዳ የምንጋራቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስት። ፎርሙን ሊሞሉ ሲቀመጡ እናቴ ገብታ፣ «እናንተ ልጅ የላችሁም፣ እኔ አምስት አሉኝ፤ አንዷን ጻፏት» አለቻቸው። ጨው የምትጠይቅ አስመስላ ነው የጠየቀቻቸው። ሰውየው ሳቁና ጻፉኝ። ማን ይደርሰኛል ብሎ ይሞላል። ደረሳቸው።

ከሃያ አንድ ዓመት በታች መሆን ነበረብኝ፤ ሃያ ሁለት ሞልቶኛል። አሥራ ዘጠኝ ተባልኩ። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር፤ የትኛዋ ሴት ሦስት ዓመት ሲቀነስላት ይከፋታል። አሁን በምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ሰው ሳነሳ ሳስቀምጥ ስውል፣ ጉልበቴ ሃምሳ ነሽ ይለኛል፣ ወረቀቴ አርባ ሰባት ነሽ ይለኛል፣ ጡረታ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ደግሞ የሚሰማው ወረቀቱን ነው።

ለቃለ መጠይቁ ሦስታችን አንድ ወር ሙሉ አጠናን። ትምህርቴን ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው፤ እንደዚያ ወር ግን ተምሬ አላውቅም። እናትሽ የት ወለዱሽ፣ ጥምቀትሽ መቼ ነው፣ ቤታችሁ ስንት በር አለው፣ ሁሉንም በቃሌ ይዣለሁ። የኤምባሲው ሰውዬ የጠየቀኝ ግን ያላጠናነውን ነው፤ አባትሽ ቁርስ ምን ይወዳሉ አለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ፤ የሚበሉት ከግድግዳው ማዶ ነው። «ጾም ነው፣ ቁርስ አይበሉም» አልኩት። ሳቀና አሳለፈኝ።

መጥተን ሜሪላንድ ውስጥ ሎረል ገባን። የመጀመሪያው ቀን የወረቀት አባቴ አስቀመጡኝና፣ «ብቻችንን ስንሆንም አባባ በዪኝ። አንድ ቀን አፍሽ ከተሳሳተ ሦስታችንም አለቀልን» አሉኝ። አባባ አልኳቸው። ምግብ ላይ አልኳቸው፣ አውቶቡስ ላይ አልኳቸው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የራሴን አፓርትመንት ከተከራየሁ በኋላም በስልክ አልኳቸው። ሚስታቸው ሲሞቱ ቀብሩ ላይ «ልጅቷ» ተብዬ ከፊት ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ረሱት፤ ልጃቸው አለመሆኔን ማለቴ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከሰው ሲያስተዋውቁኝ «ቁርጥ እናቷን» ይላሉ። ሚስታቸውን ማለታቸው ነው። የተዋወቅኳቸው ሰዎችም እኔን አይተው፣ የሟቿን ፎቶ አስታውሰው፣ እውነትም ይላሉ። ሰው ምን ያህል ለማመን እንደሚቸኩል ያየሁት ያኔ ነው።

የልጄ አባት ወሎዬ ነው። ልጅቷ ልትወለድ ሁለት ወር ሲቀራት ዳላስ ሥራ አለ ተባለና ሄደ። ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው፤ ሥራው መቼም አላለቀለትም። ስለዚህ ሆስፒታል ስትመዘገብ የተሰጣት የመጨረሻ ስም የኔ ነው፣ የኔ የተባለው ደግሞ የጎረቤታችን ነው። ውሸቱ አንድ ትውልድ ወለደ። እኔ ሥራ ስውል የሚጠብቋት እሳቸው ነበሩ፤ ጠርሙስ ያጠባሉ፣ ሽንት ጨርቅ ይቀይራሉ፣ ያንን እየሠሩ የአያቶቻቸውን ጀብዱ ይነግሯታል።

ሦስተኛ ክፍል ሳለች አስተማሪዋ የቤተሰብ ዛፍ ሥሩ ብላ ወረቀት ሰጠቻቸው። የተጠየቀው ሦስት ትውልድ ብቻ ነው። ልጄ ሎረል ደወለች። አባባ ያንን ስልክ ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ዘጠኝ አያት ቆጠሩላት። ወረቀቱ አልበቃ ሲላት ሌላ ወረቀት ቀጠለችበት፣ ከዚያም ሌላ። የሌሎቹ ልጆች ዛፍ እንደ ጎመን ተንዘርፍፎ ሲለጠፍ፣ የኔ ልጅ ባሕር ዛፍ የኮሪደሩን ጣራ ነካ። የወላጆች ቀን አስተማሪዋ አጠገቡ አቁማ ፎቶ አነሳችኝ። ፈገግ ብያለሁ። የአባባ ዘጠኝ የመንዝ አያቶች ከላዬ ተደርድረዋል፤ አንዱም አያውቀኝም።

እንግዲህ ልጄ የምታገባው ልጅ የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ልጅ ነው፤ ላንድማርክ የሚባለው ሰፈር ያሉት አፓርትመንቶች ውስጥ ነው ያደገው። አባቱ ሞተዋል። እናቱ አለች፤ ከእናቱ በላይ ደግሞ የአባቱ ታላቅ ወንድም አሉ። ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ አሁን ሥራቸው የሰው ዘር መቁጠር ነው፤ የራሳቸውን እስከ አሥራ አራት ይቆጥራሉ። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ሰባት ቤት ይቆጠር አሉ። እኛ ዘንድ በሁለቱም ወገን ወደ ላይ ሰባት አያት ተቆጥሮ ካልተራራቁ መጋባት የለም፤ ከሰባቱ ባንዱ ከተገናኙ እህትና ወንድም ናቸው።

ልጄ ሳቀች። «ማሚ፣ እኛ ሲልቨር ስፕሪንግ ነን፣ እነሱ አሌክሳንድሪያ። መሃላችን ወንዝ አለ እኮ።»

«እሳቸው የሚቆጥሩት ወንዝ አይደለም» አልኳት።

እውነቱን ለመናገር ይሄኛው አላስፈራኝም ነበር። ሰው በደም ይዛመዳል እንጂ በፎርም አይዛመድም ብዬ ተዝናንቻለሁ። አባባ የራሳቸውን አያቶች ይቆጥራሉ፣ ከማንም ጋር አይገናኝም፣ በልተን ጠጥተን እንመለሳለን። በሕይወቴ ሳልፈራ የገባሁበት ቦታ ያ ብቻ ነው፤ ያገኘሁትን አገኘሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባባን ከሎረል ይዘን የልጁ እናት ቤት ሄድን። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ ከረባትም አስረዋል። ሳሎኑ ውስጥ አሥራ ሰባት ሰው ነበር፤ ሰው ያለበት ክፍል ስገባ መጀመሪያ እቆጥራለሁ፣ ቀጥዬ በሩን አያለሁ። የልጁ እናት ሻይ ትቀዳለች። ዝምተኛ ናት፣ ልብስ መሸጫ ውስጥ የምትሠራ፣ ሰው ሲያያት ትሪውን ከፍ አድርጋ የምትከለል ዓይነት።

የልጄ አባት ወገን ወሎ በስልክ ተደውሎ በአሥር ደቂቃ ተቆጥሮ አለቀ፤ የሚነካካ ነገር የለም። ተራው የአባባ ሆነ። ተነሱ። ዘር ተቀምጦ አይቆጠርም አሉ።

አንድ ቤት ብለው አባታቸውን ጠሩ። አጎትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለት ቤት። ሦስት ቤት። አራተኛውን ሲጠሩ አጎትየው የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«እስቲ ይድገሙልኝ።»

ደገሙላቸው።

«የመሀል ሜዳው?»

«ከመሀል ሜዳ ዝቅ ብሎ ነው።»

«በቅሎ የረገጠቻቸው?»

«አዎ፣ ያነክሱ ነበር። እርስዎ እንዴት ያውቋቸዋል?»

«የኔም አራተኛ ናቸዋ።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተቃቅፈው ተላቀሱ። ስንት ዓመት ባንድ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ዘመዳሞች መሆናቸውን ሳያውቁ። ወጥ ቤት የነበረች ሴት ነገሩ ያለቀ መስሏት እልል አለች፣ ሳሎን ያለችው ተቀበለቻት። አጎትየው ዓይናቸውን ጠረጉና፣ «እንግዲህ ልጆቹ እህትና ወንድም ናቸው» አሉ። እልልታው መሃል ላይ ቆመ። እልልታ መሃል ላይ ሲቆም ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም፤ መኪና ፍሬን ሲይዝ ይመስላል።

ልጁ ስልኩን አውጥቶ ነካካ። «አጎቴ፣ ቼክ አድርጌዋለሁ። ቨርጂኒያም ሜሪላንድም ሊጋል ነው።»

«ሊጋል የሚባለው ፓርኪንግ ነው» አሉት።

ልጄ እኔን አየችኝ። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። አየችኝ ብቻ፤ አንቺ አስተካክዪው የሚል ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ የተበላሸባትን ሁሉ እኔ ላይ ነው የምታመጣው፣ እኔም ከሞላ ጎደል ስጠግን ኖሬያለሁ። ዝም ካልኩ አባት ይኖረኛል፣ ሲቲዝንነቴ ይኖረኛል፣ እሷ ግን የወደደችውን አታገኝም። ከተናገርኩ አሥራ ሰባት ሰው ያውቃል፤ አሥራ ሰባት ሐበሻ ካወቀ ደግሞ ሳይመሽ ከሴቨን ኮርነርስ እስከ ሎረል ይታወቃል። ከዚያ ሁሉ መሃል አንድ ክፉ አይጠፋም፣ ስልክ አንስቶ ኢሚግሬሽን የሚደውል።

«ልጃቸው አይደለሁም» አልኩ።

የሰማኝ የለም። ደገምኩት።

አባባ ከሁሉም ቀድመው ገባቸው። «ልጄ ናት» አሉ። «በመንግሥት ፊት የማልኩባት ልጄ ናት።» ይህን እያሉ ወደ መስኮቱ ያያሉ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን፤ በመስኮት ማን እንደሚመጣባቸው እንጃ።

«አያችሁ አይደል» አሉ አጎትየው ለሰው ሁሉ። «ልጇን ለመዳር አባቷን ካደች።»

«ወይ አሜሪካ» አለች ያቺ እልል ያለችው።

ሁሉንም ተናገርኩ። ፎርሙን፣ ግድግዳውን፣ አንዷን ጻፏት ያለችውን እናቴን። ማንም አላመነኝም። ድሮ ልጃቸው መሆንሽን አስረጂ ተብዬ ነበር፤ አሁን ልጃቸው አለመሆንሽን አስረጂ ተባልኩ። የድሮው ይቀል ነበር፤ ሦስታችንን እንደ ቤተሰብ አቁሞ የሚያነሳን የሰፈር ፎቶ አንሺ ነበረን።

«እና እሱ ማነው?» አለችኝ ልጄ በእንግሊዝኛ። ስትደነግጥ አማርኛው ይጠፋታል።

«ጎረቤታችን» አልኳት።

ሁሉም ሰማ። አባባ ቆመው ነበር፤ ቀስ ብለው ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። ያን ጊዜ ነው ሰዉ ያመነኝ። ያ አቀማመጥ የውሸት እንዳልሆነ ሞኝም ያየዋል።

አጎትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ እውነተኛ አባት ካለሽ፣ ለሚመጣው እሑድ ሰባት ቤቱን ይዘሽ ነይ። ሳይጎድል።»

ስንመለስ ልጄ ትነዳለች፣ እኔ ከጎኗ፣ አባባ ከኋላ። ቤልትዌይ የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ነው የተናገረችው። «የኔ ላስት ኔም የማን ነው አሁን?»

አባባ ከኋላ መለሱላት። «የኔ ነው። ካልፈለግሽው መልሺልኝ። ሌላ የምሰጠው ሰው ግን የለኝም።»

ሎረል ደረስን። እሳቸውን አውርደን ብቻችንን ስንቀር፣ «ማሚ፣ ሦስተኛ ክፍል ዘጠኝ ሰው አስጻፍሽኝ» አለችኝ።

«እኔ አንድም አላስጻፍኩሽም፣ እሳቸው ናቸው።»

«ፎቶው ላይ ቆመሻል።»

ቆሜያለሁ።

ሰኞ ደብረ ማርቆስ አክስቴ ጋ ደወልኩ፤ የሟቹ አባቴ እህት ናት። ሰባት ቤት ቁጠሪልኝ አልኳት።

«የሌላ ሰው ስም ተሸክመሽ ስትሄጂ እነዚህን ጥለሻቸው ነው የሄድሽው» አለችኝ። «አሁን ስትጠሪያቸው ይመጣሉ ብለሽ ነው?»

«አክስቴ፣ ስልኩ ይቆጥራል።»

«ይቁጠር። እኔም እየቆጠርኩ ነው።»

አምስት ቆጠረችልኝ፣ ስለ እያንዳንዱም የምታውቀውን መጥፎ መጥፎውን ጨመረችልኝ። ከዚያስ ስላት፣ «ከዚያማ አርሶ የበላ ሰው ነው፣ ስሙን ማን ይይዝለታል» አለች። በማይረባው እጅ ጽሕፈቴ አምስቱን ጽፌ የሥራ ዩኒፎርሜ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። ወረቀት ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ይዞ ኪሴ ገባ፤ እሱም ጎዶሎ።

ዓርብ ዕለት የልጁ እናት ኮል አደረገችኝ። «ብቻሽን ነይ» አለችኝ። ሴቨን ኮርነርስ ሐበሻ ግሮሰሪው ፊት ለፊት፣ መኪናዋ ውስጥ ጠበቀችኝ። ገብቼ እንደተቀመጥኩ በሩን ቆለፈች፤ ቆይታ ደግማ ቆለፈችው። ፈሪ ሰው ይታወቀኛል።

«ሰውየው የባለቤቴ ወንድም አይደሉም» አለች።

ዞሬ መስኮቱ መዘጋቱን አየሁ።

«ካርቱም አብረው ስደት ነበሩ። እሳቸው ቀድመው መጡና ወንድሜ ነው ብለው አስመጡት። ልጄ አያውቅም፤ እንዲያውቅም አልፈልግም።»

መጀመሪያ የገባኝ ትንሹ ነገር ነው። ያ ሁሉ ልቅሶ፣ በቅሎ የረገጠቻቸው አያት፣ እህትና ወንድም ናቸው መባሉ፣ የኛን ልጆች አንዳቸውንም አይነካም ነበር። የኔ ጎረቤትና የሟች ባሏ ጓደኛ ናቸው የተዛመዱት። ሁለት ፎርሞች ተገናኝተው ነው ልጆቻችን የተከለከሉት። ትልቁ ነገር የገባኝ ቆይቶ ነው።

«እሑድ እዚያ ነበርሽ» አልኳት።

«ነበርኩ።»

«ልጃቸው አይደለሁም ስል።»

«ሻይ እየቀዳሁ ነበር።»

«ሻይ።»

«ልናገር ነበር፣ እህቴ ሙች። አንቺ ስትናገሪ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ሰዉ እንዴት እንዳየሽ አየሁ።»

ጥሩ ስድብ ፈለግኩ፣ አጣሁ። ልወርድ እጀታውን ሳብኩት፤ ተቆልፏል። የሰው መኪና ቁልፉ የት እንደሆነ አይታወቅ፣ ስዳብስ ስዳብስ ንዴቴ ላላና ፍርሃቴ በቦታው ተመለሰ። የኔ እውነተኛ አባት ዘርና የሷ ባል እውነተኛ ዘር ገና እርስ በርስ አልተቆጠሩም። ያን ሁሉ ተዋርደን፣ እነሱም ቢገናኙስ?

«የባልሽን አያቶች ታውቂያቸዋለሽ?»

«ሲታመም አራት አስቆጥሮኛል። አገሩ ደብረ ታቦር ነው።»

ወረቀቴን አወጣሁ። እዚያው ፓርኪንግ ላይ፣ ሰዎች ሽንኩርትና ጤፍ ይዘው ባጠገባችን ሲያልፉ እየጠበቅን፣ ሁለት ሴቶች ተቀምጠን ቆጠርን። የመጀመሪያዎቹ ተለያዩ። ሁለተኛዎቹ ተለያዩ። ሦስተኛው ላይ ሁለታችንም አንድ ስም ጠራን።

«ያንቺ የት ነው?» አለችኝ።

«ደጀን።»

«ሰው ይሄዳል እኮ።»

«ሥራው ምን ነበር?»

«ቄስ። ያንቺስ?»

አክስቴ የነገረችኝን ለመድገም አፈርኩ፤ ግን የማፈሪያ ሰዓት አልነበረም። «ከብት ይሰርቅ ነበር አሉ። እስር ቤት ነው የሞተው።»

«የኔ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው የተቀበረው። ባለቤቴ ልጅ ሆኖ መቃብሩ ላይ ይጫወት ነበር።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«መቶ ጊዜ ነግሮኛል።»

ሁለታችንም ወደ ኋላ ተደገፍን። በአያት ሌብነት እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። አራተኛውም ተለያየ፤ የኔ አምስተኛ ብቻውን ቀረ፤ ከዚያ ወዲያ የሁለታችንም ሰዎች አርሰው በልተው የሞቱ ናቸው።

«ሰባት ነው ያሉሽ» አለችኝ። «አምስት አይቀበሉሽም።»

«አንቺ ታስቀብዪኛለሽ። ሻዩን ስትቀጂላቸው አንድ ነገር ሹክ በያቸው።»

እሑድ ወሬው ሰው ጨምሯል፤ ሃያ አራት ቆጠርኩ። አባባ አልመጡም፣ ስልክም አላነሱም። ቆሜ የአባቴን ስም ጠራሁ። ሃያ ስምንት ዓመት ከአፌ አውጥቼው የማላውቀው ስም ነው፤ የሌላ ሰው ነገር የነካሁ ይመስል ቀስ ብዬ ነው የጠራሁት። ሌባውንም አልዘለልኩትም። አምስተኛው ላይ ስደርስ አጎትየው እጃቸውን አነሱ።

«ይበቃል።»

«ጋሼ፣ ሰባት አልነበር ያሉት?» አላቸው አንዱ።

«አምስትም ሩቅ ነው» አሉ። እሳቸው፣ አሥራ አራት የሚቆጥሩት። እናትየዋ ብርጭቋቸውን ሞላችላቸው፣ እኔን ሳታይ። ከመድረሳችን በፊት ምን እንዳለቻቸው ኋላ ነግራኛለች፤ «ሴትዮዋ መቁጠር ለምዳለች፣ የኛንም ልቁጠር እንዳትል» ብላቸዋለች።

ግን እንደ ተሸነፉ መቅረት አልፈለጉም። «ሽማግሌ የምንልከው ለማን ነው ታዲያ? አንቺ አባት የለኝም አልሽ፣ የልጅቷም አባት የለም።»

«ለአባባ» አለች ልጄ።

«እሳቸው ጎረቤት ናቸው ተባለ።»

አማርኛውን ፈለገች፣ ፈለገች፣ አገኘችው። «የወለደኝ ሰውዬ ዳላስ ነው። አባባ ሎረል ነው። ሎረል ይቀርባል።»

የሳቀ አለ። እኔ አልሳቅኩም፤ ሳምንቱን ሙሉ ያላናገረችኝ ልጅ ናት። እዚያው ደወለችላቸው፣ ለሷ አነሱ፣ ስፒከር ላይ አደረገችው።

«ማን ማን አለ እዚያ?» አሉ መጀመሪያ።

«ሁሉም አለ። ሽማግሌ ወደ አንተ ይመጣል፣ ቅዳሜ።» አንቱን አታውቅበትም፤ እሳቸው ናቸው ያላስተማሯት።

ወንበር ሲጎትቱ ተሰማ። «እኔ ምን ሆኜ ነው የምቀበላቸው?»

ልጄ እኔን አየች፤ እኔ ምንጣፉን አየሁ። «ከቤት እንዳትወጣ» አለቻቸው። «ከረባት አድርግ።»

ቅዳሜ ሦስት ሽማግሌና እናትየዋ ሎረል መጡ። አባባ በሩን ከፍተው፣ አስገብተው፣ በደንቡ አቁመው ጠበቋቸው። አጎትየው ንግግራቸውን ጀመሩ፤ «ልጅዎን ለልጃችን» አሉና ምላሳቸው ተያዘ። ልጅዎን ማለት ይቻል እንደሆነ ግራ ገባቸው። አባባም አላገዟቸውም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጎረቤት የተባሉበትን ያህል አቆሟቸው።

«ልጄ ናት ብዬ አልምልም» አሉ በመጨረሻ። «አንዴ ምዬ ያገኘሁትን አግኝቻለሁ። ጠርሙስ ያጠባሁት ግን እኔ ነኝ። ስለዚህ መስጠት እችላለሁ። ሰጥቻለሁ።»

አጎትየው ሌላ ጊዜ ቢሆን የሚሉት አያጡም። እናትየዋ ግን ቀደመቻቸው፤ ትሪ ሳይኖራት፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ ሄዳ የአባባን ጉልበት ሳመች። ከሷ በኋላ እኔ ጎንበስ አልኩ። እኔ የሙሽራዋ እናት ነኝ፤ በደንቡ የሚስመው የወንዱ ወገን ነው እንጂ እኔ አልነበርኩም፣ ይሁን ብዬ ሳምኩ። አባባ ወደ ጆሮዬ ዝቅ አሉ። ይቅር የሚሉኝ መስሎኝ ነበር።

«ተነሺ አንቺ» አሉኝ፣ ቀስ ብለው። «ሰው እያየን ነው።»